«ፈንዲሻ» የተባለው የኪሮሽ ሥራ እንዴት ይሠራል?

ከ10ኛ ክፍል ተማሪ፤ ዋጃ



በአገራችን በብዙ ቤት ውስጥ ገብቶ የሚመለከት ሰው በሶፋው መደገፊያ፥ በቴሌቪዥኑ ራስ፥ በጠረጴዛውና በቡናው ረከቦት ላይ በክር የተሠራ ልብስ ተነጥፎ ያያል። ይህንን ሥራ አንዳንዱ ሰው ዳንቴል፥ አንዳንዱም ኪሮሽ ይለዋል። ሁለቱም ቃላት ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ዳንቴል የሚለው ቃል መሠረቱ «ጥርስ» ነው፤ የሥራው ጠርዝ እንደ ጥርስ ስለሚደረደር የተሰጠ ስም ነው። ኪሮሽ ማለት ግን «ትንሽ መንጠቆ» ማለት ነው። በእርግጥም መሣሪያው ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ አንድ መርፌ ብቻ ነው። ከእርሱና ከክር በቀር፥ ከትዕግሥትም በቀር፥ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤታችን ልጃቸውን ሊድሩ ሲሰናዱ የረከቦት ልብስ እንድሠራላቸው አዘዙኝ። ርዝመቱ 60፥ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ተስማማን። እኔም እንዲህ ያለውን ልብስ ከዚያ በፊት በሜዳው፥ ማለትም እብጠት በሌለው ሥራ፥ ሁለት ጊዜ ሠርቼ ነበርና ምን ያህል ክር እንደሚፈጅ ዐውቅ ነበር። እርሳቸው ግን ቆቦ ከተማ በዘመድ ቤት ያዩትን፥ ፊቱ ላይ እንደ ፍሬ ብቅ ብቅ ያለ ነገር ያለበትን ዐይነት ፈለጉ። እኔም ሳላመነታ «ዐውቀዋለሁ» አልኩ። ለሜዳው ሥራ የምጠይቀውን ዋጋ ጠየቅሁ፤ ለሜዳው ሥራ የሚበቃውን ክር አስገዛኋቸው።

ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ክሩ አለቀ። ልብሱ ግን ገና ከሦስት እጅ ሁለቱ ብቻ ነበር የተሠራው። ከገበያ ሌላ ክር ባመጣም ነጩ ከነጩ አልገጠመም፤ አንዱ ወተት፥ አንዱ አመድ መሰለ። ይባስ ብሎም ልብሱን መሬት ላይ ብዘረጋው አንዱ ጫፍ ከሌላው በሁለት ጣት ጠቦ ተገኘ። ፈትል እየፈተለች የነበረችው እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ መጣችና መስመሮቹን በጣቷ አንድ በአንድ ቈጠረቻቸው። ከዚያም በኋላ፥ «ልጄ፥ ያነሰሽ ክሩ አይደለም፤ ቈጠራው ነው» አለችኝ።

እኔም ነገሩን ከመረመርሁ በኋላ እውነት መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ ይህን ሥራ መማር የሚፈልጉ እኅቶቼና ወንድሞቼ እኔ የከፈልሁትን ዋጋ እንዳይከፍሉ፥ ከነሒሳቡ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ፈንዲሻ ማለት ምንድን ነው?

በእኛ በራያ ቆላ ማሽላ የማያውቅ የለም። የማሽላም ሆነ የበቆሎ ፍሬ በጋለ ምጣድ ላይ ሲወድቅ ከውስጡ ነፍቶ፥ ቆዳውን ቀድዶ፥ ነጭ አበባ መስሎ ይወጣል፤ ፈንዲሻ ብለን ለቡና ቁርስ እናቀርበዋለን። በእንግሊዝኛ የሚናገሩ ሠራተኞችም ይህን የኪሮሽ ዐይነት የሚጠሩት በዚሁ በፈንዲሻ ስም ነው።

ስሙ ከመልኩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአሠራሩም ጋር ይስማማል። በሜዳው ሥራ አንድ ቦታ ላይ የሚቆመው አንድ ስፌት ብቻ ነው። በፈንዲሻ ግን በዚያው በአንድ ቦታ ላይ አምስት ስፌቶች እንዲቆሙ ይደረጋል። ቀጥሎም የአምስቱ ራስ በአንድነት ይታሰራል። እግራቸው በአንድ ጉድጓድ፥ ራሳቸው በአንድ ማሰሪያ ስለ ተያዘ፥ ወገባቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄድበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ያላቸው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ፊት ማበጥ። የሥራው ምሥጢር ሁሉ ይኸው ነው፦ አምስት አድርጎ መሥራት፥ አንድ አድርጎ መቍጠር።

ስለ ዝግጅት

ጀማሪ የሆነ ሰው ቀጠን ያለ ክርና ጥቁር ቀለም መምረጥ የለበትም። ለስላሳ፥ ጠጕር የሌለው፥ ነጣ ያለና ወፈር ያለ የጥጥ ክር ይሻላል፤ እያንዳንዱ ስፌት ለዐይን ይታያልና። የኪሮሹ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ብዙ ጊዜ በመያዣው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ወፈር ላለ የጥጥ ክር 3 ወይም 3 ተኩል ሚሊ ሜትር የሆነው ለመማሪያ ይስማማል። እንደ ዋጃ ባለ ሙቀት አገር እጅ ቶሎ ስለሚያልበው ነጭ ክር ይጠቍራል። ስለዚህ እጅን በሳሙና ታጥቦ፥ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ከጥላ ሥር ተቀምጦ መሥራት ጥሩ ነው። ክሩንም በንጹሕ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ጫፉን ብቻ ማውጣት ከአቧራ ያድናል።

ሦስቱ መሠረቶች

ፈንዲሻን ለመሥራት አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይገባል። ስማቸውን ሰው ሁሉ በየአካባቢው በልዩ ልዩ መንገድ ይጠራቸዋል፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰንሰለት፥ አጭር ስፌትና ምሰሶ እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ በክሩ ጫፍ ሸምቀቆ አበጅቶ በኪሮሹ ላይ ማጥለቅ ነው። ከዚያም ክሩን በኪሮሹ ላይ ጠምጥሞ በሸምቀቆው ውስጥ ስቦ ማሳለፍ ነው፤ ይህ አንድ ሰንሰለት ይባላል። እንዲሁ እየደጋገሙ ሲሄዱ ሰንሰለቱ ይረዝማል።

አጭር ስፌት ለመሥራት ኪሮሹን ከታች ባለው ስፌት ራስ ውስጥ አስገብቶ ክሩን መሳብ ነው። በዚህ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበቶች ይገኛሉ። ክሩን እንደገና ጠምጥሞ በሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ማሳለፍ ነው።

ምሰሶ የምለው ደግሞ እንደ ቤት ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ረጅሙን ስፌት ነው። እርሱን ለመሥራት ኪሮሹ ከመግባቱ በፊት ክሩ አንድ ጊዜ በላዩ ይጠመጠማል። ቀጥሎ ኪሮሹ ይገባል፤ ክሩም ይሳባል፤ ሦስት ቀለበቶች ይሆናሉ። ክሩን ጠምጥሞ በፊተኞቹ ሁለት ቀለበቶች ብቻ ሲያሳልፉ ሁለት ይቀራሉ። እንደገና ጠምጥሞ በእነዚህ በሁለቱ ሲያሳልፉ አንድ ይቀራል። ምሰሶው ቆመ ማለት ነው።

ፈንዲሻው

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

አንደኛ፤ በአንድ ስፌት ራስ ውስጥ አምስት ምሰሶዎችን እየደጋገሙ መሥራት። እንደ ማርገብገቢያ ተዘርግተው ይታያሉ።

ሁለተኛ፤ በኪሮሹ ላይ ያለውን ቀለበት ጥቂት ሳብ አድርጎ ማስረዘምና ኪሮሹን ከውስጡ ማውጣት። ጀማሪዎች በዚህ ላይ ይፈራሉ፤ ነገር ግን ክሩን ካልጐተቱት ቀለበቱ በራሱ አይፈታም።

ሦስተኛ፤ ኪሮሹን ከአምስቱ መካከል በመጀመሪያው ምሰሶ ራስ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ ማስገባት።

አራተኛ፤ የተተወውን ቀለበት በመንጠቆው ይዞ በዚያ ራስ ውስጥ ስቦ ማሳለፍ። በዚህ ጊዜ አምስቱ ይሰበሰቡና ወደ ፊት ያብጣሉ።

አምስተኛ፤ አንድ ሰንሰለት ሠርቶ ጠበቅ አድርጎ መዝጋት። የፈንዲሻው ራስ ይህች አንዲት ሰንሰለት ናት። በመጨረሻም ከኋላ በጣት ገፋ ቢያደርጉት በደንብ ይፈነዳል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ዐይነት አለ። በእርሱ አምስቱ ምሰሶዎች እያንዳንዳቸው ሳይጨረሱ የመጨረሻ ቀለበታቸው በኪሮሹ ላይ ይቈያል፤ ስድስት ቀለበቶች ሲሆኑ በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ። ይህ ያልተከፈተ እንቡጥ ይመስላል፤ ከፈንዲሻ ይልቅ ለስለስ ያለ ነው። ኪሮሹም ከቀለበቱ ስለማይወጣ ሥራው ይፈጥናል። ይሁን እንጂ ፈንዲሻው ጠንከር ብሎ ስለሚቆም መልኩ ከሩቅ ይታያል።

የናሙናው አሠራር

ማንም ሰው ትልቅ ልብስ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ናሙና መሥራት አለበት። እኔ የምሠራበት ናሙና በ19 ስፌት ነው።

20 ሰንሰለት መሥራት። ከኪሮሹ ሁለተኛ በሆነው ሰንሰለት ላይ ጀምሮ በእያንዳንዱ አንድ አንድ አጭር ስፌት መሥራት፤ 19 ይሆናል። ይህ አንደኛው መስመር ነው።

ለሁለተኛው መስመር ሥራውን ማዞርና ሦስት ሰንሰለት መሥራት፤ እነዚህ ሦስቱ በአንድነት እንደ አንድ ምሰሶ ይቈጠራሉ። ስለዚህ የሚቀጥለው ምሰሶ የሚገባው በሁለተኛው ራስ ነው። ከእርሱ ጋር ሁለት ምሰሶ ሲሠራ ሦስት ይሆናል። ቀጥሎ አንድ ፈንዲሻ፥ ከዚያ ሦስት ምሰሶ፥ አንድ ፈንዲሻ፤ እንዲሁ እያሉ በሦስት ምሰሶ መጨረስ። አራት ፈንዲሻና 15 ምሰሶ፥ በጠቅላላው 19 ነው።

በሦስተኛው መስመር አዙሮ አንድ ሰንሰለት ከሠሩ በኋላ በሁሉም ራስ ላይ አንድ አንድ አጭር ስፌት ነው። በፈንዲሻው ላይ የሚገባው አንድ ስፌት ብቻ ሲሆን፥ እርሱም በመዝጊያዋ ሰንሰለት ላይ ነው። አሁንም 19 መሆኑን መቍጠር።

በአራተኛው መስመር ፈንዲሻው ከታችኛው ጋር እንዳይደራረብ ቦታው ይለወጣል። አምስት ምሰሶ፥ አንድ ፈንዲሻ፥ ሦስት ምሰሶ፥ አንድ ፈንዲሻ፥ ሦስት ምሰሶ፥ አንድ ፈንዲሻ፥ አምስት ምሰሶ። ሦስት ፈንዲሻና 16 ምሰሶ፥ አሁንም 19 ነው። ከዚህ በኋላ ሦስተኛውንና ሁለተኛውን፥ እንደገናም ሦስተኛውንና አራተኛውን እያፈራረቁ መቀጠል ነው።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ፈንዲሻው የሚሠራው በአንዱ ፊት ብቻ ነው። መመለሻው መስመር ሁልጊዜ አጭር ስፌት ስለሆነ እብጠቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይወጣሉ። በመመለሻው መስመር ፈንዲሻ መሥራት የሚፈልግ ሰው ግን ኪሮሹን በመጀመሪያው ምሰሶ ራስ ውስጥ ከኋላ ወደ ፊት ማስገባት አለበት። አለዚያ ግማሹ በፊት፥ ግማሹ በጀርባ ይሆናል።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

ልብሱ እየጠበበ ከሄደ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ እንደ ምሰሶ የተቈጠሩት ሦስት ሰንሰለቶች በመመለሻው መስመር መጨረሻ ላይ ይረሳሉ። በራሳቸው ላይ አንድ አጭር ስፌት ካልገባ በእያንዳንዱ መመለሻ አንድ ስፌት ይጠፋል። የእኔም ልብስ የጠበበው በዚህ ነበር። ልብሱ እየሰፋ ከሄደ ደግሞ፥ ሠራተኛው ከፈንዲሻው ጀርባ የሚታዩትን የምሰሶዎች ራስ ሁሉ እንደ ልዩ ስፌት ቈጥሯቸዋል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በየመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ ስፌት ላይ ቀለሙ የተለየ አጭር ክር ማሰር፥ በየመስመሩም መጨረሻ መቍጠር። ስሕተት ከተገኘ ደግሞ ኪሮሹን አውጥቶ ክሩን መጐተት ነው። በዚህ ሥራ ክፍት ሆኖ የሚቀረው ቀለበት አንድ ብቻ ስለሆነ፥ እስከ ተፈለገው መስመር ድረስ ተፈትቶ እዚያው ላይ እንደገና ይጀመራል። ክሩም አይቈረጥም። ስለዚህ መፍታት ውርደት አይደለም፤ ውርደቱ ጠማማ መሆኑን እያወቁ መቀጠል ነው።

የክሩ ሒሳብ

አሁን እናቴ የተናገረችው ቃል የት ላይ እንደ ሆነ ላስረዳ።

ከላይ በጻፍሁት ናሙና ውስጥ ሁለተኛውንና አራተኛውን መስመር እንመልከት። ሥራው በሜዳው ቢሆን ኖሮ 19 እና 19፥ በጠቅላላው 38 ምሰሶዎች ይሆኑ ነበር። በፈንዲሻ ግን በሁለተኛው መስመር 15 ምሰሶና አራት ጊዜ አምስት፥ ማለት 35 ምሰሶ አለ። በአራተኛው ደግሞ 16 ምሰሶና ሦስት ጊዜ አምስት፥ ማለት 31 ምሰሶ አለ። ድምሩ 66 ነው።

በመካከል ያሉት ሁለቱ የአጭር ስፌት መስመሮች በሁለቱም ዐይነት እኩል 38 ናቸው። አጭር ስፌት የምሰሶውን ግማሽ ያህል ክር ይፈጃል ብንል፥ እነዚህ እንደ 19 ምሰሶ ይቈጠራሉ። እንግዲህ የሜዳው ሥራ 38 እና 19፥ ማለት 57 ነው፤ የፈንዲሻው 66 እና 19፥ ማለት 85 ነው። 85 ለ57 ሲካፈል አንድ ተኩል ያህል ይሆናል።

ለሜዳው የሚበቃ ክር ይዞ ፈንዲሻ የጀመረ ሰው እንግዲህ የት ላይ ይደርሳል? 57 ከ85 ሦስት እጅ ሁለት ያህል ነው። የእኔም ክር ያለቀው ልክ እዚያ ላይ ነበር። ዕድል አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር።

ስለዚህ ሥራ ከመቀበል በፊት 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ናሙና መሥራት፥ ከዚያም ፈትቶ ክሩን በሜትር መለካት ይገባል። ልብሱ 60 በ40 ከሆነ ጠቅላላ ስፋቱ 2,400 ነው፤ የናሙናው 100 ነው። የናሙናውን ክር በ24 ማባዛትና ለጠርዝና ለስሕተት ጥቂት መጨመር ነው። ክሩም ሁሉ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ይገዛ፤ በልዩ ልዩ ጊዜ የተነከረ ክር ስሙ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ሊለያይ ይችላልና።

የዚህ ሥራ ጥቅም

አንዳንድ ሰዎች ኪሮሽን የሥራ ፈት መዝናኛ አድርገው ያዩታል። ታሪክ ግን ሌላ ይነግረናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1845 እስከ 1852 ድረስ በአየርላንድ አገር የሕዝቡ ዋና ምግብ የነበረው ድንች በበሽታ ስለ ጠፋ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኀብና ረኀቡ ባመጣው በሽታ አለቀ። በዚያ ጊዜ በገዳማት የነበሩ መነኵሳይያትና ሌሎችም ሴቶች ለድኆች ልጃገረዶች ኪሮሽ አስተማሩ። የሠሩትም ዳንቴል ወደ ውጭ አገር እየተሸጠ ለብዙ ቤተ ሰብ የዕለት እንጀራ ሆነ።

እኛም በምንኖርበት አገር ዝናም ሲቀር ምን እንደሚመጣ የሚነግረን አያስፈልግም። በ1966 ዓ. ም. እና በ1977 ዓ. ም. በወሎ የደረሰውን ረኀብ አያቶቻችን በዐይናቸው አይተውታል። በ1977 ዓ. ም. ብዙ ሺሕ ሕዝብ እርዳታ ፍለጋ የተሰበሰበባት ኮረምም ከእኛ ብዙ አትርቅም። ኪሮሽ የማሽላን ቦታ ይተካል አልልም። ነገር ግን በቤት ውስጥ ከእርሻው በቀር ሌላ የገቢ በር መኖሩ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ደግሞም አንድ ልዩ ነገር አለ። ሹራብ የሚሠራ መኪና የተፈለሰፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1589 ዓ. ም. በእንግሊዛዊው ዊልያም ሊ ነው፤ ዛሬ በገበያ የምናየው ሹራብ አብዛኛው የመኪና ሥራ ነው። በገበያ የሚሸጠው እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ግን እስከ ዛሬ የሰው እጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ዋጋውን የሚተምን ሰው ክሩን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም መቍጠር አለበት። እኔ ለፈንዲሻው የሜዳውን ዋጋ ስጠይቅ የአምስት ምሰሶን ድካም በአንድ ምሰሶ ዋጋ ሸጥሁ ማለት ነው።

ወንድሞች ተማሪዎችም ይህ የሴት ሥራ ነው ብለው እንዳይንቁት እለምናለሁ። በአገራችን እናት ትፈትላለች፤ ሸማኔው ግን ወንድ ነው። ልብስ ሰፊውም ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ክር ወንድና ሴት አይለይም።

መደምደሚያ

የዚያ የሠርግ ልብስ ነገር እንዴት ሆነ ትሉ ይሆናል። በዚያው ማታ ከእናቴ ጋር ሆነን እስከ መጀመሪያው ሰንሰለት ድረስ ፈታነው። እርስዋ ክሩን ስትጠቀልል እኔ በደብተሬ ሒሳቡን ሠራሁ። ክሩ የሚበቃው መካከሉን በሜዳው፥ ፈንዲሻውን ግን በዳርቻው ብቻ ላደረገና መጠኑን ጥቂት ላሳነሰ ልብስ ነበር። ለጎረቤታችንም ሄጄ እውነቱን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ለረከቦቱ ከበቃ ይበቃል፤ ቀኑን ብቻ አታሳልፊብኝ» አሉኝ። በሠርጉ ዋዜማ አደረስሁ። ዋጋውም አስቀድመን እንደ ተስማማነው ሆነ፤ ከዚያ በላይ ልጠይቅ አልቻልሁም፥ አልተገባኝምም።

ልብሱን ለሚያጥቡ ሰዎች አንድ ምክር ልጨምር። ፈንዲሻ ያለበት ልብስ በእጅ ቀስ ተብሎ ይታጠብ፥ ሳይጠመዘዝም በፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። መተኰስ ካስፈለገም ፊቱን ወደ ታጠፈ ፎጣ አድርጎ ከጀርባው ነው። በፊቱ ከተተኰሰ የአምስቱ ምሰሶ ድካም ተደፍጥጦ ይቀራል።

እንግዲህ ከአንባቢያን መካከል አንዲቱ እንኳ ኪሮሽ አንሥታ 20 ሰንሰለት ብትጀምርና በየመስመሩ መጨረሻ 19 ብላ ብትቈጥር ድካሜ በከንቱ አልቀረም ብዬ አምናለሁ።